የኳስ ወራትና የልደታው ጎረቤታችን

ሰው ከሰው ጋር የሚተሳሰርበት ገመድ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ በሥጋ ዝምድና፣ አንዱ በጋብቻ፣ አንዱ በማኅበርና በእድር፣ አንዱም በጉርብትና ይተሳሰራል። የእግር ኳስ ጨዋታ ግን ከነዚህ ጋር ተቆጥሮ ሲነገር አይሰማም፤ ይልቁንም በሹመትና በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰዎች ኳስን የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ አድርገው ያዩታል። እኛም ምንም እንኳ ከልጅነታችን ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ብንሆን፣ ኳስ ከማን ጋር አስሮን እንደ ነበረ ያወቅነው ሜዳው ከሰፈራችን ከራቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የ2014 ዓ.ም.ን የውድድር ዘመን ከጥቅምት እስከ ሰኔ እንዴት እንደ ተከተልነው ለተከበሩት አንባቢዎቻችን እንጽፋለን።

አስቀድመን ስለ አገሩ እንናገር። ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የቦሌው የአውሮፕላን ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት አውሮፕላኖች የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬ የልደታ ስም ሲጠራ ብዙው ሰው የሚያስበው ፍርድ ቤቱን ነው፤ ከየአቅጣጫው መዝገብ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። በቀድሞው ጊዜ ግን በዚሁ አካባቢ የጭቃና የእንጨት ቤቶች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ቆመው ነበር። ብዙዎቹም ቤቶች ግድግዳቸው አንድ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማ ነበር፤ ቡናም ሲቆላ ጢሱ ሳይጠራ ለሁለቱም ቤት ይደርስ ነበር።

ከልደታ እስከ አዲስ አበባ ስታዲየም ያለው መንገድ በእግር ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይደለም። በተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት አልፎ፣ የሜክሲኮን መንግሥት ወዳጅነት ወደሚያስታውሰው ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ይደርሳል፤ ሜክሲኮ ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘች ጊዜ ያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረችና። ከዚያም ስሙ ከፈረንሳይኛ በመጣው በለገሃር በኩል ወደ ስታዲየሙ ይወጣል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ባቡር በዚሁ መሥመር ይሄዳል፤ እኛ ግን የኳስ ቀን በእግር መሄድን እንመርጥ ነበር፤ ምክንያቱም የጨዋታው ግማሽ የሚያልቀው በመንገድ ላይ ወሬ ነው።

ይህ ስታዲየም ተራ ሜዳ አይደለም። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ በመጨረሻው ግጥሚያ የግብፅን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀብሏል። የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማም በጨዋታ ዘመናቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰው ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ከኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ተወዳድሯል። ዋንጫውን በዚያ ዓመት እንግሊዞቹ ወሰዱት። ኢትዮጵያ ቡና ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1968 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ2003 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አግኝቷል። ሁለቱ የተጋጠሙ ቀን አዲስ አበባ ለሁለት ትከፈላለች።

እንግዲህ በልደታ በግድግዳው ማዶ የነበሩት ጎረቤታችን የቡና ደጋፊ ነበሩ። በዕድሜ ከእኛ ይበልጣሉ፤ እኛም ጋሼ ብለን እንጠራቸዋለን። እሑድ እሑድ አብረን ወጥተን፣ በስታዲየሙ በር ላይ ተለያይተን፣ እርሳቸው ወደ ቡናማዎቹ እኛም ወደ ፈረሰኞቹ እንገባለን፤ ጨዋታው ሲያልቅም በዚያው በር ተገናኝተን እየተከራከርን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ባለቤታቸው፣ ማን እንደ ተሸነፈ ከአረማመዳችን ያውቁ ነበርና፣ ለተሸነፈው ወገን ቡናውን አስቀድመው ይቀዱለት ነበር።

በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በቦታው የጋራ መኖሪያ ፎቆች ሊሠሩ ሆነ። ሰፈርተኛውም ከፊሉ በዚያው ሲቀር ከፊሉ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። እኛ በልደታ ቀረን፤ ጋሼ ወደ ጀሞ ሄዱ። እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንሸሽግ እንጽፋለን። ጎረቤታችን ዕቃቸውን በጭነት መኪና በጫኑበት ቀን እኛ አልነበርንም። ከጥቂት ቀን በፊት ስለ አንድ የፍጹም ቅጣት ምት ክፉ ቃል ተነጋግረን ነበር፤ በዚያም ቀን ፈረሰኞቹ ይጫወቱ ስለ ነበረ፣ አልጋና ሳጥን ከመሸከም ይልቅ ወደ ስታዲየም ሄድን። ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ሰው ጎረቤቱን የሚሸኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ጊዜ አለፈን።

ጋሼ ግን ቂም አልያዙም። በሚቀጥለው የቡና ጨዋታ በዚያው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከዚያም በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል የኛ ጉርብትና የስታዲየሙ በር ሆነ። ልጅ ታመመ ሲሉን የሰማነው በዚያ ነው፤ ልጅ ተዳረ ሲሉንም በዚያው ነው። አንዱ የሰፈር ሰው ሌላውን ይዞ ስለሚመጣ፣ የፈረሰው ሰፈር በየሳምንቱ በዚያ በር ላይ ለአንድ ሰዓት ይሠራ ነበር ብንል አልዋሸንም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሩ ቆመ፤ የዚያም ዓመት ዋንጫ ሳይሰጥ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ሊጉ ቡድኖች ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሆነ፤ አዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘጋ። በሩ ከተዘጋ ሰው የት ይገናኛል? እኛም ዛሬ ነገ ስንል ወደ ጀሞ ሳንሄድ ቀረን።

የ2014 ዓ.ም. ውድድር በጥቅምት ወር በሀዋሳ ተጀመረ። 16 ቡድኖች፣ ለእያንዳንዱም 30 ጨዋታ። የ2011 ዓ.ም. ባለዋንጫ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ከእርሱም ጋር ወልዋሎና ስሑል ሽረ፣ በጦርነቱ ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም፤ ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። እኛም ጨዋታውን በቴሌቪዥን ስንመለከት፣ የ12 ዓመት ልጃችን የአንድ የእንግሊዝ ቡድን ሹራብ ለብሶ አጠገባችን ተቀመጠና «አባባ፣ የድሮው ጎረቤታችን ይኸን ያያሉ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አጣን። በማግሥቱም ወደ ጀሞ ሄድን።

ጋሼን ያገኘናቸው በጥቁር ልብስ ነው። ባለቤታቸው ከዓመት በፊት አርፈው ኖሯል። ቡናውን ለተሸነፈው አስቀድመው ይቀዱ የነበሩት እኚያ ደግ ሴት ሲቀበሩ፣ ግድግዳ የተጋራነው እኛ አልቆምንም። «ጋሼ፣ ምነው ሳይነገረን?» ብንላቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው «ማን ይንገርህ ልጄ? የልደታው እድር ተበትኗል። ኳሱ ቢኖር ኖሮ ግን ትሰማ ነበር፤ በሩ ላይ ስታጣኝ ትጠይቅ ነበር» አሉን። ከዚህ የበለጠ ወቀሳ አልወጣቸውም፤ እኛም ከዚህ የበለጠ ወቀሳ ሰምተን አናውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ውድድሩን ከእርሳቸው ጋር ልንከተል ወሰንን። በጥር ወር ብሔራዊ ቡድናችን በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ሲጫወት፣ በጀሞ በአንድ ክፍል ተቀምጠን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወገን ጮኽን። በኬፕ ቬርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፈን፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጣን። ጋሼም «አብሮ መሸነፍ ለካ ይቀላል» አሉ።

ውድድሩ ወደ አዳማ በተዛወረ ጊዜ፣ አንድ ቀን ሦስታችን ጉዞ ጀመርን፤ ጋሼ፣ እኛና ልጃችን። የሚጫወተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ ቡና በዚያ ቀን ጨዋታ አልነበረውም። ከቃሊቲ ተሳፍረን በፈጣኑ መንገድ ቢሾፍቱንና ሞጆን ወደ ጎን እየተውን ወረድን። ደጋው እየቀረ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ጋሼ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ከውስጥም የቡናማዎቹ ሻርፕ ታየ። ልጃችን አይቶ «ተጋጣሚ ከሆኑ ለምን ከኛ ጋር ይቀመጣሉ?» አለን ቀስ ብሎ። እርሳቸውም ሰምተው ኖሮ «ልጄ፣ ተጋጣሚ የሚባለው ለ90 ደቂቃ ነው፤ ሳምንቱ ደግሞ ሰባት ቀን አለው» ብለው መለሱለት።

ጨዋታው የሚደረገው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ነበር። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ዓይን ያስጨፍናል። አንድ ወጣት ደጋፊ ሻርፑን አይቶ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ «እንግዳችን ናቸው» ብለን ብንነግረው ወዲያው ተነሥቶ የተሻለ መቀመጫ ለቀቀላቸው። ጋሼ ግን ስለ ቦታው አመስግነው፣ በአጥቂዎቻችን ላይ ሲቀልዱ ዋሉ። «የናንተ ልጅ ኳሷን አይመታትም፤ ያማክራታል» ባሉ ጊዜ በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ልጃችንም ከምሳ በኋላ የተጫዋቾቻችንን ስም በቃሉ ይጠራ ጀመር።

ግንቦት 1 ቀን የልደታ በዓል ነው። በዚህ ቀን ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ በአንድ ይቀመጣል። እኛም ከፎቁ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ስንሰበሰብ ጋሼን ጠራናቸው፤ እርሳቸውም አራት የቀድሞ ሰፈርተኞች አስከትለው መጡ። ቤታቸው በነበረበት ቦታ ላይ ቆመው፣ በርጩማቸውን ግድግዳው ያልፍበት ነበር ወዳሉት ሥፍራ አስጠጉና ተቀመጡ። በዚያም ቀን ወረቀት አውጥተን ከጀሞም ከልደታም ያሉትን ስምና ስልክ ጻፍን፤ ሞትና ሠርግ ሲሆን ማን ለማን እንደሚደውልም ተስማማን።

ሰኔ 2 ቀን ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ይህ ጨዋታ የኛ የቤት ጨዋታ ይባል እንጂ፣ የሚመጥን ሜዳ ስላልነበረን የተደረገው በማላዊ በሊሎንግዌ ነው። ደስታችንን በስልክ ተለዋወጥን፤ ጋሼ ግን «ድሉ ጥሩ ነው፤ ቤት ሆኖ ቢሆን ግን በሩ ላይ እንገናኝ ነበር» አሉ። ሊጉ በባሕር ዳር ሲፈጸምም፣ ፈረሰኞቹ በአሠልጣኝ ዘሪሁን ሸንገታ መሪነት ከፋሲል ከነማ ጋር እስከ መጨረሻው ሳምንት ተናንቀው፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ያጡትን ዋንጫ አገኙ። ያንን ቀን ያየነው በጀሞ ነው። የጋሼ ልጅ እንደ እናቷ ሲኒውን ይዛ መጥታ፣ ለአባቷ አስቀድማ ቀዳች። ጋሼም ሲኒውን ተቀብለው «ዋንጫው የናንተ፣ ቡናው የኛ» ብለው ወደ እኛ አሳለፉት።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ኳስ ጎረቤትን አገናኝቶ እንዳኖረን አይተናል፤ ኳሱ ሲርቅ ደግሞ በራሳችን እግር መሄድ ትተን የለቅሶ ቀን እንዳመለጠንም አይተናል። ስለዚህ የምትደግፉት ቡድን ቢኖር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ተከተሉት፤ አጠገባችሁ የሚቀመጠውንም ሰው ስሙንና ቤቱን ጠይቁ። ሜዳ ለእድሳት ሊዘጋ፣ ሰፈርም ሊፈርስ ይችላል፤ የጎረቤትን ደጅ ግን ማንኳኳት ሁልጊዜ በእጃችን ነው።