ወደ መርጡለ ማርያም ስለ መሄዳችን

የዓባይ ወንዝ ከጣና ወጥቶ ጐጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ መቀነት ዞሮ መያዙን ልጆች ሁሉ በትምህርት ቤት ይማራሉ። ነገር ግን የመቀነቱን ወርድ በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ብቸና ያለው የደጋ ሰው በጤፉና በስንዴው መካከል ተቀምጦ አገሩ ሁሉ ልምላሜ ይመስለዋል፤ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቍልቍል እስኪመለከት ድረስ፣ ከእግሩ በታች በረሓ የመሰለ ሌላ አገር መኖሩን አይገምትም። ወደዚያ አፋፍ ከተጠጉት ታናናሽ ከተሞች አንዲቱ፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኘው መርጡለ ማርያም ናት። በዚያ ስላየነውና ስለ ሰማነው ነገር፣ ለአባቶችና ለእናቶች ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ ጥቂት እጽፋለሁ።

የሄድነው በ2011 ዓ.ም. ለየካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። እናቴ የተወለዱት በዚያው አገር፣ በቈላው አፋፍ ላይ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የኖሩት ግን በደብረ ማርቆስ ስለ ሆነ፣ ዓይናቸው ፈጽሞ ሳይደክም የተጠመቁባትን ደብር ለማየት ይመኙ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጄም ለአንድ ቀን ከትምህርትዋ ተፈቅዶላት አብራን ሄደች። ዓርብ በማለዳ ተነሥተን በሉማሜ በኩል ደጀን ደረስን፤ ከደጀን ወደ ሰሜን ታጥፈን በብቸናና በደብረ ወርቅ ካለፍን በኋላ፣ ከጕንደ ወይን ላይ የሞጣን መንገድ ትተን ወደ ምሥራቅ አመራን። የጮቄ ተራራ እስከ ጕንደ ወይን ድረስ በግራችን አልተለየንም። ከርሱ የሚፈልቁት ብዙ ወንዞች ደጋውን አቋርጠው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ነገር ግን ጥልቅ ሸለቆ ቈርጠው ስለሚሄዱ፣ ድምፃቸውን የሚሰማ ሰው ሁሉ ውሃቸውን አይጠጣም። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ቈላውን መጀመሪያ በደጀን አጠገብ ለልጄ አሳየኋት። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ነው። በላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከምድር ሆድ በእሳት ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ ከርሱ በታች ያለው የኖራ ድንጋይ ይህ ምድር ሁሉ ባሕር በነበረበት በጥንት ዘመን የተነጠፈ ሲሆን፣ ከርሱም በታች ጀሶና የአሸዋ ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ። ልጄም፣ «አባባ፣ እኛ የምንኖረው ከባሕር በላይ ነዋ!» ብላ ተደነቀች። ወደ መርጡለ ማርያም በደረስን ጊዜ ደግሞ በስተ ምሥራቅ ያንኑ ሸለቆ አየን፤ ማዶው የወሎ ቦረና ነው። በዚያ ማዶ ደጋ ላይ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ የሆነው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በሁለቱ ደጋዎች መካከል ያለው ግን ሙቀት፣ ግራርና የደረቀ ሣር ነው። በየካቲት ወር ከዚያ የሚነሣው ነፋስ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊትን ይገርፋል። የጥንት ሰዎች ከተማቸውን ከአፋፉ በላይ የሠሩት የቈላውን ወባ ስለ ፈሩ ነው ብለው እናቴ ነገሩን።

«መርጡል» በግእዝ አዳራሽ ወይም ድንኳን ማለት ስለ ሆነ፣ የደብሩ ስም የማርያም አዳራሽ ማለት ነው። የአገሩ ካህናት ሲተርኩ፣ ስፍራው ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋበት ነበር፤ ኋላም አብርሃና አጽብሓ ቤተ ክርስቲያን አደረጉት ይላሉ። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በይበልጥ የታወቀው ግን የንግሥት እሌኒ ሥራ ነው። እሌኒ የሐድያ ንጉሥ ልጅ ነበረች፤ በእስልምና ካደገችበት ቤት ወጥታ ወደ ኢትዮጵያ ነገሥታት ቤት ገባች። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ በተከታታይ ነገሥታት ዘመን በቤተ መንግሥት ተከብራ ኖረች። በመጻሕፍት ዕውቀትዋና በምክርዋም ተመሰገነች። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ በነገሡ ጊዜ፣ መንግሥቱን በሞግዚትነት የመራች እርስዋ ናት፤ ማቴዎስ የተባለውንም መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እርስዋ ናት። በዚህ ምክንያት ከመጣው መልእክት ጋራ አገራችንን ያየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እሌኒ በጐጃም ያሠራችውን ቤተ ክርስቲያን በመጽሐፉ ጠቅሶአል።

ያ ሕንጻ በአሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ዘመን ጠፋ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ የካቶሊክ መነኮሳት በዚያው ስፍራ እንደ ገና ሠሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ከለቀቁ በኋላ ግን መነኮሳቱ ከአገር ወጡ። ዛሬ የሚታየው ፍራሽ የሁለቱም ዘመን መታሰቢያ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840ዎቹ ጐጃምን የዞረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ፍራሽ ጽፎ በ1847 በለንደን አሳትሞአል። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ልኩን ለክቶ የጻፈለትን ግንብ፣ በአንድ ቀን መንገድ የምንገኝ እኛ ብዙዎቻችን ሳናየው እንሞታለን።

በበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በፍራሹ ዙሪያ ሄድን። ድንጋዩ በጥሩ እጅ የተጠረበ ነው፤ አበባና ሐረግ ተቀርጾበታል። ዝናምና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ከኖሩት አንዳንዱ ቅርጽ እየተፋቀ ሄዶአል፤ በስንጥቁም ሣር በቅሎበታል። እናቴ በእጃቸው እየዳሰሱ ቅርጹን ለዩት። ልጄም በዝምታ ከተመለከተች በኋላ፣ «አባባ፣ እሌኒን ማን አስተማራት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መምህርዋን በስም ባላውቀውም ያላስተማራት ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ድንጋይ ባልቆመ ነበር ብዬ መለስሁላት።

ያረፍንበት ቤት የአጐቴ ልጅ ቤት ነው፤ ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ከገደሉ አፋፍ ላይ ይገኛል። ሰውየው ደግና እንግዳ ተቀባይ፣ በሠፈሩም የተከበረ ገበሬ ነው። ከልጄ በአንድ ዓመት የምትበልጥ ሴት ልጅ አለችው። ቅዳሜ ማታ ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጫወቱ ልብ ብዬ አየኋቸው፤ የልጄ ደብተር በሁለቱ ጕልበት ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የዘመዴም ልጅ በውስጡ ያለውን ሒሳብ በቃልዋ ትሠራው ነበር። በማግሥቱ ሌሊት ጎሕ ሳይቀድ ግን ተነሥታ ባዶ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። በበጋ የአፋፉ ምንጭ ስለሚደርቅ፣ ውሃ የሚቀዳው ወደ ቈላው ተወርዶ ነው። ልጄም እንግዳ ነሽ ብትባል እንቢ ብላ አብራት ወረደች። ፀሐይ ከፍ ካለ በኋላ ሁለቱ ተመልሰው መጡ፤ የኔዋ መቀመጥም መቆምም አቅቶአት ከግድግዳው ተደገፈች። ያችኛዪቱ ግን ውሃውን ገልብጣ እንደ ገና ጀሪካንዋን አነሣች።

በዚያን ጊዜ ልጅቱ ከጥር ወር ጀምሮ ትምህርት ቤት አለመሄድዋንና ከፋሲካ በኋላ ልትዳር መሆንዋን ከቤቱ እመቤት ሰማሁ። ከቡና በኋላም ዘመዴን፣ «ወንድሜ፣ ልጅቱ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አይደለችምን? በክልላችን በ1995 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግስ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ አይፈጸም አላለምን?» አልሁት።

እርሱም ሳይቈጣ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፤ «ሕጉን አውቀዋለሁ። አንተ ግን ከተማ ነህ፤ ውሃህ ከቤትህ ይፈስሳል። ልጄ ብትማር ውሃውን ማን ይቀዳል? መንገዱስ ለሴት ልጅ መቼ ይታመናል? እኔ ሳልሞት በወግ ባይዋት ምን ክፋት አለው? ይህን ግንብ ያሠራች እሌኒስ ብትሆን ከሰው አገር ተድራ የመጣች አይደለችምን?»

ነገሩ እውነት የሌለበት አይደለምና ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። ሕግን መጥቀስ ለእኔ ቀላል ነው፤ ጀሪካኑን ግን የተሸከምሁት እኔ አይደለሁም። ጥቂት ቆይቼ፣ «እሌኒ ተድራ መጣች እንጂ ከመጽሐፍ ተነጥላ አልመጣችም» አልሁት። እርሱም ዝም አለ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ እኔም ከዚህ ከአፋፉ ነው የሄድሁት። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ በበቅሎ አፈናጥጠው ወሰዱኝ። እናቴን ያየሁ መስሎኝ ዞር ስል፣ ያየሁት የገደሉን ጫፍ ብቻ ነው። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማረው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስሜን መጻፍ አልችልም። ዛሬ በድንጋዩ ላይ ያለውን አበባ በእጄ ዳሰስሁ፤ የሠራችውን ሴት ታሪክ ግን የልጅ ልጄ ነገረችኝ እንጂ እኔ ልነግራት አልቻልሁም» አሉ።

በእናቴ ቤት አድጌ ጠጕሬ እስኪሸብት ድረስ ይህን ነገር ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዘመዴም ተነሥቶ የእናቴን ጕልበት ሳመ እንጂ እሺም እንቢም አላለም። እኛም በማግሥቱ ተሰናብተን ተመለስን። ሆኖም ነገሩን በምክር ብቻ ትቼ መሄድ አሳፍሮኝ፣ ሁለት በርሜል የሚሆን ገንዘብ ከወንድሞቼ ጋራ አዋጥተን ላክን፤ በክረምት ከቤቱ የቆርቆሮ ክዳን የሚወርደው ውሃ ተጠራቅሞ ልጅቱን ለጥቂት ሳምንት እንኳ ከቍልቍለቱ እንዲያሳርፋት ብለን ነው። በሰኔ ወር ዘመዴ ሰው ልኮ፣ ሠርጉ ለጊዜው መቆየቱን፣ ልጅቱም በመስከረም ትምህርትዋን እንደምትቀጥል አስታወቀን። «ለጊዜው» ያለው ቃል በልቤ ውስጥ ቀርቶአል፤ ምክንያቱም በርሜል ክረምት ሲያልፍ ይጐድላል።

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ያነበቡ አባቶችና እናቶች ሁለት ነገር እንዲያስቡ እለምናለሁ። መጀመሪያው፣ ልጆቻችን አገራቸውን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእግራቸውም እንዲያውቁ፣ ደጋውን ከቈላው፣ ግንቡንም ካሠራችው ሴት ጋራ አስተያይተው እንዲያዩ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። የተጠረበ ድንጋይ ቢፈርስም ከመቶ ዓመታት በኋላ የሚለካው ሰው ይገኝለታል፤ በአሥራ ሦስት ዓመትዋ ከትምህርት የተነጠለችውን ልጅ ግን የሚጽፍላት የለም። የመርጡለ ማርያምን ፍራሽ ከዝናም ለመጠበቅ የሚተጋ ሁሉ፣ ከግንቡ በታች ወደ ቈላው የምትወርደውንም ልጅ አብሮ ሊያስባት ይገባል። ውሃውን ወደ አፋፉ የሚያወጣላት ሰው ቢገኝ፣ ሒሳቡን ራስዋ ታሰላዋለች።