ማልዲኒ ለጣሊያን ምን አመጣ?

ሰሞኑን በእረፍት ሰዓት ተማሪዎቼ ስለ ምርጥ ተከላካይ ሲከራከሩ ማልዲኒን ጠራሁላቸው። አንዱ ቀበል አድርጎ "ቲቸር፣ ለብሔራዊ ቡድን እኮ አንድ ዋንጫ እንኳ አልበላም" አለኝ።

እውነቱን ነው። ፓውሎ ማልዲኒ ለጣሊያን 126 ጊዜ ተሰልፎ አንድም ዋንጫ አላነሳም። ከሚላን ጋር አምስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው እኮ የምላችሁ! ግን እስኪ እንዴት እንዳጣው እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1988 በ19 ዓመቱ ጀመረ። በ1990 በገዛ አገራቸው ግማሽ ፍፃሜ ላይ በአርጀንቲና በመለያ ምት ወደቁ። በ1994 ፍፃሜ ኮስታኩርታ በቅጣት ስለሌለ ማልዲኒ ግራ መስመሩን ትቶ መሀል ገባ። ጎኑ በዚያው ውድድር ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎ የተመለሰው ባሬሲ፣ ፊቱ ሮማሪዮና ቤቤቶ። 120 ደቂቃ አንድ ጎል አልገባባቸውም። ከዚያ መለያ ምት መጣና ባጆ ሰማይ ላይ ሰደዳት። በ1998 አባቱ ቼዛሬ አሰልጣኝ፣ እሱ አምበል ሆነው ከፈረንሳይ ጋር 0 ለ 0፤ አሁንም መለያ ምት። ሶስት የዓለም ዋንጫ በተከታታይ!

የ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ ደግሞ ባሰ። 1 ለ 0 እየመሩ፣ የባከነ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ዊልቶርድ አገባ፤ ከዚያ ትሬዜጌ በወርቃማ ጎል ጨረሳቸው። (ያቺ ሕግ እንኳንም ቀረች።) በ2002 ከኮሪያ ጋር በ117ኛው ደቂቃ አን ጁንግ ሁዋን በግንባሩ ገጭቶ ሲያገባ አብሮት ዘሎ ያልደረሰባት ማልዲኒ ነው። 34 ሊሞላው ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ለጣሊያን አልተጫወተም። በ2006 ጣሊያን ዋንጫውን በላች። በምን? በመለያ ምት!

ተከላካይ ጥሩ በሰራበት ቀን ምንም ነገር አይፈጠርም። ያልተፈጠረ ነገር ደግሞ ሃይላይት የለውም። የአንን ጎል የትም ታገኛላችሁ፤ ሮማሪዮ 120 ደቂቃ ጎል ያጣበትን ግን ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

እኛም ሙያ ያው ነው። የዓመት መጨረሻ ግምገማ ላይ የሚጠየቀው ስንት ተማሪ አለፈ ነው። መጋቢት ላይ ትምህርት ሊያቋርጥ የነበረ ልጅ ተለምኖ፣ ወላጅ ተጠርቶ፣ ሰኔ ላይ ፈተና ቢቀመጥ ፎርሙ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለም። እንዲያውም 32 ካመጣ የክፍሉን አማካይ ያወርድብኛል።

የ1994ቱን ፍፃሜ ሙሉውን ካገኛችሁት እዩት፤ ጎል የለውም ብላችሁ እንዳትዘጉት። ደግሞ የእናንተን ምርጥ ተከላካይ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ባሬሲ የሚል ካለ አልጣላውም።