በየቀኑ ሦስት ሰከንድ

ሥራዬ ባች ጆብ የምንላቸውን ፕሮግራሞች መጠበቅ ነው። ማንም ሳይነካቸው ሰዓታቸው ሲደርስ ይነሳሉ፣ ፋይል ያነባሉ፣ ይደምራሉ፣ ይልካሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው እንዲቀጥል በሰንሰለት የሚያያይዛቸው ኤርፍሎው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤርቢኤንቢ ውስጥ ተጀምሮ በኋላ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር።

ኤርፍሎው የሠራውን ሁሉ በራሱ ዳታቤዝ ይመዘግባል፦ የትኛው ጆብ፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ ጨረሰ፣ ተሳካ ወይስ ወደቀ። ሜታዳታ የምንለው ይሄንን ነው። ብዙዎቻችን የምንከፍተው የሆነ ነገር ሲበላሽ ነው። ለኔ ግን ዋጋው የገባኝ ምንም ባልተበላሸ ቀን ነው።

ድሮ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌውን ሰርቨር ልንዘጋ ነበር። የሚጠፉ ጆቦች ዝርዝር ወጣ። አንዱ በየቀኑ ማታ 12 ሰዓት ተነስቶ በሦስት ሰከንድ የሚጨርስ ነበር። የጻፈው ልጅ ውጭ ሄዷል። ማብራሪያው ባዶ ነው። የባለቤት ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ ማንም ካልሞላው በራሱ የሚገባው "ኤርፍሎው" የሚል ቃል ተቀምጧል። ኮዱ አንድ ፕሮግራም የሚያስነሳ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የዚያ ፕሮግራም ምንጭ ኮድ ደግሞ የትም የለም። ሎጉም ቦታ እንዳይሞላ በየሁለት ሳምንቱ ይጠረጋል። "በሦስት ሰከንድ ምን ይሠራል? ይጥፋ" ተባለ።

ከመጥፋቱ በፊት ዳግ ረን የሚባለውን ሠንጠረዥ ከፈትኩ። የአንድ ዓመቱን አወጣሁ፣ ከጨረሰበት ሰዓት የጀመረበትን ቀነስኩ፣ ብዙ የፈጀው ከላይ እንዲመጣ ደረደርኩት። ከታች ሦስት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ። ከላይ ግን እያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ ገደማ የፈጁ 12 ቀኖች፦ ኦክቶበር 9፣ ኖቬምበር 8፣ ዲሴምበር 8፣ ጃንዋሪ 7 እያለ ይቀጥላል።

የወር መጨረሻ አይደለም፣ መጀመሪያም አይደለም። ጃንዋሪ 7 ገና ነው፤ የሌሎቹስ? ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በምንጠቀምበት ቨርዥን የየዕለቱ ሩጫ ስሙን የሚወስደው የሚሸፍነው ጊዜ ከጀመረበት ቀን ነው። ስለዚህ ስሙ ከተነሳበት ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። እውነተኛው የተነሳበት ጊዜ ሌላ ዓምድ ላይ አለ፦ ኦክቶበር 10፣ ኖቬምበር 9፣ ዲሴምበር 9፣ ጃንዋሪ 8። ስልኬ ላይ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየርኩት። መስከረም 30። ጥቅምት 30። ኅዳር 30። ታኅሣሥ 30። ጳጉሜን 30 ስለሌላት 12 ብቻ ሆኑ።

የክሮን አምስት ቦታዎች፣ ማለትም ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ወርና የሳምንቱ ቀን፣ የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። "በየወሩ በ30" ብላችሁ በኢትዮጵያ ወር የምታዙበት መንገድ የለም። ልጁ ያገኘው መላ ጆቡን በየቀኑ ማስነሳትና "ዛሬ 30 ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ካልሆነ በሦስት ሰከንድ ተመልሶ ይተኛል።

በ30 የሚሠራው ምን እንደሆነ ግን ዳታቤዙ አይናገርም። ሒሳብ ክፍል ደወልኩ።

"እትዬ፣ በ30 ማታ ከሲስተሙ የሚደርስዎት ነገር አለ?"

"አለ እንጂ ልጄ! የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር ነዋ። የነሱ እንደናንተ በፈረንጅ ወር አይደለም።"

ጆቡ ከሚጠፉት ዝርዝር ወጣ፤ ከነፕሮግራሙ ወደ አዲሱ ሰርቨር ተዛወረ። ቢጠፋ ኖሮ ቀይ መብራት የሚያበራ አልነበረም። የሌለ ጆብ አይወድቅማ። መጀመሪያ የሚያውቁት በር ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ይሆኑ ነበር፣ በማግሥቱ፣ ባንክ ደርሰው ሲመለሱ።

እትዬም ጡረታቸው ደርሷል። ስለዚህ ባዶው ማብራሪያ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በኢትዮጵያ ወር በ30 ብቻ ይሠራል። ደመወዝ ነው። ከመንካትህ በፊት ሒሳብ ክፍል ደውል።"