ማኅተሙና ቃሉ

«ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ይወረሳል» የሚለውን ተረት በልጅነታችን በደባርቅ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ትርጓሜውን የተማርነው ግን በጥፋታችን ነው። ያንን ጥፋት ዛሬ የምንገልጸው፣ በሣጥናቸው አሮጌ ወረቀት ያላቸውን ቤተ ሰቦች ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው።

አያታችን እማሆይ ከአባታቸው የወረሱት ደብዳቤ ነበራቸው፤ ከዳዊቱ ጋር በማኅደር ያኖሩት ነበር። ከራስጌው ክብ ማኅተም፣ ከማኅተሙም በታች ረጅም ጽሕፈት ነበረበት። እማሆይ ፊደል አልቆጠሩምና፣ በዓመት አንድ ጊዜ የንስሐ አባታችን ሲመጡ አስነብበው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ያዳምጡ ነበር። እኛ ልጆች ስለ ነበርን ዓይናችን ከማኅተሙ እንጂ ጆሯችን ከቃሉ አልነበረም።

ትምህርት ቤት ስንገባ ቴምብርና ማኅተም የመሰብሰብ ፍቅር አደረብን። አንድ ቀን እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ማኅደሩን ከፈትን፤ ማኅተሙን በምላጭ ቆርጠን ከደብተራችን ለጠፍነው። የቀረውን ወረቀት፣ ፍርሃት ቢይዘን፣ ከምድጃው ጨመርነው። የንስሐ አባታችን በመጡ ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። እማሆይ አልመቱንም፤ አልረገሙንምም። «ልጄ፣ በሩን ወስደህ ቤቱን አቃጠልኸው» ብለው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከአለንጋ ይልቅ አቈሰለን።

አድገን መጻሕፍት ስናነብ፣ በዚህ ስሕተት ብቻችንን እንዳልሆንን ተረዳን። በአሜሪካ የፕሬዚዳንቶችን ፊርማና ደብዳቤ የሚሰበስቡ ብዙ ናቸው። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በ1841 እ.ኤ.አ. 31 ቀን ብቻ ገዝተው ስለ ሞቱ፣ በሥልጣናቸው ሳሉ የፈረሙት ወረቀት ብርቅ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት ግን ብዙ ሰብሳቢዎች ፊርማውን ብቻ ቆርጠው እያስቀሩ ደብዳቤውን ይጥሉ ነበር። ስሙ ቀረ፤ ነገሩ ጠፋ።

የእኛ ነገሥታት ደብዳቤያቸውን የሚያጸኑት በፊርማ ሳይሆን በማኅተም ነበር፤ ቃሉም ከማኅተሙ በታች ይጻፍ ነበር። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከአገራችን ከስሜን መራቅ አያሻም። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፣ ደጃዝማቹ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ ወዳጅነትን ፈለጉ፤ መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚደርሱበትን መንገድም ጠየቁ። መልሱ በጊዜው ባለመምጣቱ ተቈጥተው ቆንሲሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ፤ ነገሩም በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ አለቀ። ደብዳቤው ሙሉውን ስለ ተጠበቀ ልባቸውን እናውቃለን። አንድ ሰው ማኅተሙን ቆርጦ ቢያስቀር ኖሮ፣ ማኅተም እንደ ነበራቸው እንጂ ምን እንደ ለመኑ ባላወቅንም ነበር።

ቴዎድሮስ ራሳቸው የብራና መጻሕፍት ሰብሳቢ ነበሩ። በመቅደላ ካከማቹት 350 ያህሉ ወደ ለንደን ተወስደው ዛሬም በዚያ ይገኛሉ። ስለዚያ ዘረፋ በየጊዜው እናዝናለን፤ ይገባልም። ነገር ግን በየቤታችን በገዛ እጃችን የምናጠፋውን ማን ይቈጥርልናል? ጭስና እርጥበት የሚበላው፣ ቅጠል በቅጠል የሚሸጠው፣ ለዕቃ መጠቅለያ የሚውለው ስንት ነው?

ስለዚህ ወዳጆቻችን ሆይ፣ አሮጌ ወረቀት ያላችሁ አትቍረጡት፤ ሙጫም አትቀቡት፤ ከጭስና ከእርጥበት አርቁት። አንባቢ ፈልጋችሁ አስነብቡት፤ ቃሉን በሌላ ወረቀት ገልብጣችሁ፣ ከማን ለማን እንደ ተላለፈ ጻፉበት። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ አሰሟቸው፤ ቃሉን የሰማ ልጅ ምላጭ አያነሣበትምና።

ማኅተሙ እስከ ዛሬ በእጃችን አለ። ልጆቻችን አንዳንድ ጊዜ ያዩትና፣ «ከዚህ በታች ምን ይል ነበር?» ብለው ይጠይቁናል። እኛም እንደ እማሆይ ዝም እንላለን።