ኮከብ ሰባ

ኤኦኤል የስልክ መስመር ኢንተርኔቱን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ዘጋው የሚለውን ዜና ያየሁ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። ልጄ «አባ፣ ኢንተርኔት በስልክ ምን ይገርማል?» አለችኝ። የትኛው ስልክ እንደሆነ ላስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጊዜው 2000 ነው፣ በነሱ አቆጣጠር። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተዳብለን እንኖራለን። ፊዚክስ ሳስተምራችሁ የነበርኩት ሰውዬ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ። ዊንዶውስ 98 የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር በ150 ዶላር ገዛሁ፤ ኢንተርኔቱ ግን ኤኦኤል ጋ በወር ወደ 22 ዶላር ነበር። 22 ዶላር ያኔ ለኔ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው። በዚህ መሀል ነው እነ ኔትዜሮ «በነጻ» ብለው የመጡልን።

በነጻ ሲባል እንዴት መሰላችሁ? ሲዲውን ስትጭን ዕድሜህን፣ ገቢህን፣ ምን እንደምትወድ ይጠይቅሃል። (ገቢዬን ከፍ አድርጌ ሞላሁት፣ እንዳይንቀኝ።) ከዚያ አንድ ረዥም የማስታወቂያ ሰሌዳ ስክሪኑ ላይ ይጋደማል፤ አይዘጋም። የማልገዛውን መኪና እያየሁ አስተዋዋቂው ይከፍልልኛል ማለት ነው። ስልኩ ደግሞ እዚህ አገር የአካባቢ ጥሪ በወሩ ሂሳብ ውስጥ ስለሆነ አንድ ደቂቃም አወራህ አምስት ሰዓት ያው ነው። አገር ቤት ቢሆን ቆጣሪው ይጨርሰኝ ነበር። ብቻ ከሚሰጡህ ቁጥሮች የሰፈርህን መምረጥ ነው። የኛ 301 ነው፤ ተሳስተህ የባልቲሞሩን 410 ከነካህ የሩቅ ጥሪ ሆኖ ወሩ መጨረሻ ላይ ጉድህ ይመጣል።

የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ወደ ሞደሙ አዞርኩት፣ ደወለ። ያንን ጩኸት የሰማችሁት ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሞደሞች በምን ፍጥነት እንነጋገር እያሉ ሲደራደሩ ነው። የስልክ ሽቦ የተሠራው የሰው ድምፅ እንዲያሳልፍ ስለሆነ ኮምፒውተሩም የግዱን እየጮኸ ነው የሚልከው። 56ኬ ይባል እንጂ እኔ ቤት ከ45 አልፎ አያውቅም። አንድ ሜጋባይት ሦስት ደቂቃ።

ያስቸገረኝ ኮል ዌይቲንግ ነው። ሌላ ሰው ሲደውል መስመሩ ላይ «ቲት» የምትለዋ ድምፅ ሞደሙን ታደናግረውና ግንኙነቱ ይቋረጣል። 90 በመቶ የወረደው ሁሉ እንደገና ሀ ብሎ ነው። መመሪያውን ሳገላብጥ መድኃኒቱን አገኘሁት፤ ከሚደወለው ቁጥር ፊት *70 እና ኮማ ትጨምራለህ። *70 ኮል ዌይቲንጉን ለዚያች ጥሪ ያጠፋዋል፣ ኮማዋ ሞደሙን ትንሽ ታስጠብቀዋለች። ከውጭ ለሚደውል ሰው መስመሩ ተይዟል፣ አለቀ። ፎርሙላ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ! ለማውቀው ሐበሻ ሁሉ አስተማርኩት።

ግንቦት 1992 ጦርነቱ እንደገና አገረሸ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተቀምጬ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት አልተነሳሁም። አንዱን ዜና ሳነብ ሌላው ይወርዳል። የአማርኛው ገጽ ፊደሉን ካልጫንክ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳይህ፤ እሱን ማውረዱ ራሱ ሌላ ሥራ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ማንም አልደወለም ብዬ ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ ማታ የእህቴ ልጅ ከኢንተርኔት ካፌ ኢሜይል ላከልኝ፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎት። «ጋሼ፣ እማማ ሰኞ ኦፕራሲዮን ሆነች፣ የሐሞት ጠጠር ነው፣ አሁን ደህና ናት፣ ቅዳሜ ስልክህ ተይዞ ነበር።» ለካ እናቴ «ሐኪም ቤት ከመግባቴ በፊት ድምፁን ልስማ» ብላ፣ እህቴ ደግፋ ቴሌ ወስዳታለች። በነሱ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ እያመማት። በተሞከረ ቁጥር ተይዟል።

ያቺን ኢሜይል ስንቴ እንዳነበብኳት። ከላይዋ ሰሌዳው የመርከብ ሽርሽር ያስተዋውቃል።

ካርድ ገዝቼ ሮጥኩ። ሲነጋላቸው ሐኪም ቤቱ ስልክ ላይ አገናኙኝ። ይቅርታ ልላት ስጀምር ቀደመችኝ፤ ድምጿ ደክሟል ግን ሳቅ ሳቅ ይላታል።

«ያን ሁሉ ሰዓት ከማን ጋር ነበርክ?»

ዝም አልኩ።

«ንገረኝ እንጂ፣ የማን ልጅ ናት?»

እህቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቴሌ ቤት «ተዪው አታጨናንቂው፣ ሰው አግኝቶ ይሆናል» እያለች የምታጽናናት እሷ ነበረች።

«አይ እማዬ፣ ኢንተርኔት ነው» አልኳት።

«እሺ። ሐበሻ ናት?»

*70ን ያኑ ሌሊት ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲያ ሰው በደወለ ቁጥር ይቋረጥብን ጀመር። ጓደኛዬ ፊልም ሊያወርድ ሦስት ሌሊት ታግሎ፣ እየተቋረጠበት፣ ሦስተኛው ቀን ስልኩን አንስቶ የተሳሳተ ቁጥር የደወለውን ሰውዬ በአማርኛ ሰደበው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ነጻው ኢንተርኔት ራሱ በሰዓት ተገደበ።