ከሦስቱ አንዱ

ስለ ጠመንጃ መጻፍ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፎካሪው ሲያሞግሰው፣ አልቃሹም ሲያነሣው ኖሯል። እኛ ዛሬ የምናወራው ግን ማንም ስለማይፎክርበት ጠመንጃ ነው፤ ፈረንሳይ ተሠርቶ ሕንድ ውስጥ ስለሚያረጅ፣ ዳርን ስለሚባል የአደን መሣሪያ። አንባቢ «እናንተን ደግሞ ከዚህ ጋር ምን አገናኛችሁ?» ቢል አይፈረድበትም። ያገናኘን ሰው ነው። በትምህርት ክፍላችን ከሚያስተምሩት ሕንዳውያን መምህራን አንዱ፣ የጋንጅስ ሜዳ ተወላጅ፣ አንድ ቀን ስለ ልብ ወለድ አወቃቀር ሲያስረዱ «ይህ ደራሲ እንደ ዳርን ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደ ታች ሲሰበር እሱ ወደ ኋላ ይሸሻል» አሉ። በክፍሉ የገባው ሰው አልነበረም። እኛ አራት ጓደኛሞች ግን ነገር ካላጣራን እንቅልፍ የማይወስደን ስለሆንን ከትምህርት በኋላ ተከትለናቸው ሻይ ቤት ገባን። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሳቸው ይበልጥ የተማርነው ልብ ወለዱን ይሁን ጠመንጃውን እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ከወገቡ ይሰበራል። መቆለፊያውን በአውራ ጣትህ ገፋ ታደርጋለህ፤ አፈሙዙ ቁልቁል ይደፋል፤ ሁለት ጥይት ታጎርሰዋለህ፤ ቀና አድርገህ ትዘጋለህ። እንግሊዞች ይህን አሠራር ከማሳመራቸው የተነሣ ሌላ መንገድ ያለ አይመስልም። ዳርን ግን አይሰበርም። አፈሙዙ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከላይ፣ እጅ በሚጨብጠው አንገቱ ላይ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ቁልፍ ተኝቷል። እሱን አንሥተህ ስትስበው የጠመንጃው ኋላ ባለበት በሐዲዱ ላይ ወደ አንተ ይንሸራተታል፤ ልክ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ። ጥይቱን አጉርሰህ መሳቢያውን ስትመልስና ቁልፉን ስትጫነው ብረቱ ጥይቱን ወደ መጉረሻው ገፍቶ ያስገባዋል። ስትከፍት ደግሞ የተተኮሰውን ቀለህ እየጎተተ ይመጣል።

የዳርን ወዳጆች ሙግት እዚህ ላይ ነው። የድሮ ጥይት ቀለሁ ወረቀት ነበር። ወረቀት ደግሞ በእርጥበት ያብጣል። የሕንድን ክረምት የሚያውቅ፣ አየሩ ራሱ የሚጨመቅ እስኪመስል የሚዘንበውን፣ ያበጠ ጥይት አልገባም ብሎ የሚያስቸግር ምን እንደሆነ ይገባዋል። ዳርን ያበጠውን ጭምር በጉልበት ያጎርሳል፤ በጉልበት ያስተፋል። በዚያ ላይ ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ ሦስት ኪሎ አይሞሉም። ቁልፉ መካከል ላይ ስለሆነ ለግራኝም ለቀኝም እኩል ነው። መምህራችን ይህን ሲያስረዱ ጣታቸው በአየር ላይ ቁልፉን ያነሣና ይስባል፤ የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ አንድ ሁለቴ «ምን ልታዘዝ?» ብሎ መጥቷል።

እንከኑንም አልደበቁንም። በየከተማው ያለ ጠመንጃ ጠጋኝ የእንግሊዙን ዐይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ዳርንን ሲያይ ራሱን ያካል። መለዋወጫ የለም፤ መምቻ ሲሰበር አንጥረኛ ፊት ቁጭ ብሎ ማስቀረጽ ነው። ከሁሉ የሚከፋው የልክ ነገር ነው። የድሮዎቹ መጉረሻ ብዙውን ጊዜ 65 ሚሊሜትር ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ጥይት 70 ነው። ረጅሙ ጥይት ባጭሩ መጉረሻ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ሲተኮስ ግን የቀለሁ አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ያጥረውና የባሩዱ ግፊት ያለ ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ዐዋቂ የሆነ ሰው ዳርን ሲያገኝ መጀመሪያ ቅርጹን አያደንቅም፤ አፈሙዙን አውልቆ ከሆዱ ሥር የተመታውን ማኅተም ያነባል። የፈታኙን ቤት ምልክት፣ የባሩዱን ዐይነት፣ የመጉረሻውን ልክ። መምህራችን «ጥንታዊ ብራና እንደማንበብ ነው» ይሉናል። እኛ እንኳ ብራናውንም ገና በወጉ አላነበብንም።

ጠመንጃው የሚወለድበት ከተማ ሳንቴትየን ይባላል። የድንጋይ ከሰል፣ የሐር ጥብጣብ፣ የብስክሌትና የጠመንጃ ከተማ ነው፤ በአብዮቱ ዘመን ስሙን «አርምቪል»፣ የጦር መሣሪያ ከተማ፣ ብለውት ነበር። ሬዢስ ዳርን እዚያ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ቤቱ ሳይለወጥ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ፖል ብሩሼ የተባለ የቤቱ ሠራተኛ የነበረ ባለሙያ በትንሹ ቀጥሎበታል። የዚህች ከተማ ብረት እኛንም ሳያውቀን አይቀርም። አያቶቻችን «ውጅግራ» የሚሉት ጠመንጃ ስሙ የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ እሱን ካመረቱት የመንግሥት ፋብሪካዎች አንዱ ሳንቴትየን ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በብዙ እጅ ተይዞ ዋለ። (ፈረንሳይና ጠመንጃ አንድ ላይ ሲነሡ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ ራምቦን መጥራት ያምረዋል። ዛሬ እንተወው።)

ታዲያ አንድ የፈረንሳይ ዕቃ ሕንድ ውስጥ እንዲህ የሚፈቀረው ለምንድን ነው? ለአሠራሩ ብቻ አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ1878 ሎርድ ሊተን የሕንድ እንደራሴ ሳለ የጦር መሣሪያ ሕግ ወጣ፤ ሕንዳዊው ጠመንጃ ለመያዝ ፈቃድ እንዲያወጣ ተገደደ፣ አውሮፓዊው ከግዴታው ነጻ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሰው ዘመን፣ በአገሬው ቋንቋዎች የሚታተሙ ጋዜጦችን የሚቆጣጠር ሕግም ወጣ፤ በእንግሊዝኛ የሚታተሙትን አይነካም። ጠመንጃውና ጋዜጣው ባንድ ዓመት! የጋዜጣው ሕግ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሲሻር የጠመንጃው ነጻነትንም ተሻግሮ እስከ 1959ኙ አዲስ ሕግ ዘለቀ። በዚያ አገር ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ግድግዳ ላይ መስቀል ማለት እንግዲህ «እኔም ሰው ነኝ፤ መንግሥትም ይህን ጽፎልኛል» እንደማለት ነበር።

ከዚያ በሩ በሁለት በኩል ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1972 የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ወጥቶ አደን በአመዛኙ ቀረ። በ1980ዎቹ ደግሞ ግለሰብ ከውጭ ጠመንጃ እንዳያስገባ ተከለከለ። በአገሩ ያለው የውጭ ጠመንጃ ያለው ብቻ ሆነ፤ አይጨመርበትም። አደን የለም፣ አዲስ የለም። የቀረው መወልወል ነው። መምህራችን የሚያውቋቸው የዳርን ባለቤቶች ጡረተኛ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ ገበሬዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከሃያ ዓመት በላይ አልተኮሱበትም። ሲገናኙ ግን ስለ ቁልፉ ድምፅ ያወራሉ፤ ሲዘጋ «ጭልቅ» ይል ወይስ «ጥርቅ» በሚለው እስከ መኳረፍ ይደርሳሉ።

ይህን ስንሰማ ደስ አለን፤ ሳቅን። ያልሳቀው አንዱ ጓደኛችን ነው። ወንድሙን በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ያጣ ልጅ ነው። መምህሩ የዳርናቸውን ፎቶግራፍ በስልካቸው ሲያሳዩን እሱ ወደ መንገዱ ዞሮ ሻዩን ያማስል ነበር። ማታ ዶርም ስንገባ ክርክሩ ተነሣ። ከጎጃም የመጣው ጓደኛችን «ጠመንጃ እኮ ለኛም ቤት የወንድነት ጌጥ ነው፤ አባቴ ከሠርጉ ከረባት ይልቅ የሚኮራው በእሱ ነው» አለ። ያኛውም «ጌጥ ትላለህ! ጌጥ ሆኖ የቀረ ጠመንጃ አሳየኝና ልመንህ» አለው። «ይኸው የሕንዶቹ!» «የሕንዶቹም ቢሆን ጌጥ የሆነው ሕጉ አስሮት ነው፤ ፍቅሩ አስሮት አይደለም።» ማናችንም ቶሎ መልስ አላገኘንም። አሁንም ቢሆን እሱ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም እንላለን፤ ግን የጎጃሙ ልጅ አባት ጠመንጃውን ሲወለውል የሚያይበት ዐይንም ውሸት አይደለም።

ለመምህሩ ይህን ጥያቄ በማግስቱ አቀረብንላቸው። ቀጥታ አልመለሱም። የቤታቸውን ታሪክ ነገሩን። በቤታቸው ሦስት ጠመንጃ ነበረ። አንዱን፣ የእንግሊዙን፣ አያታቸው እ.ኤ.አ. በ1947 አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ መኮንን ገዝተውታል። ሁለተኛው በአገሩ መሣሪያ ፋብሪካ የተሠራ የአባታቸው ነው፤ መልከ ጥፉ፣ የማይሰበር። ሦስተኛው ዳርን ነው፤ አጎታቸው ከእንግሊዙ ስለሚረክስ ከካልካታ ገዝተውት መጡ። በፈቃዱ ደብተር ላይ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ከኋላ የሚጎርስ፣ ቁጥሩ ይኸ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ሕጉ ተሻሻለና አንድ ሰው መያዝ የሚችለው ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ። ውርስም ቢሆን ከሁለት አያልፍም። የበለጠ ያለው በአንድ ዓመት ውስጥ ትርፉን ለፖሊስ ጣቢያ ወይም ፈቃድ ላለው ነጋዴ ማስረከብ ነበረበት።

የፈቃዱ ባለቤት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። በዚያ ዓመት ወንድማማቾቹ በስልክ የተነጋገሩት ስለ ወረርሽኙና ስለ ጠመንጃ ብቻ ነበር ይላሉ። ወንድምየው የእንግሊዙ ይቅር ባይ ነበሩ፤ አያት የገዛው ነው፣ ውድ ነው። መምህሩ ደግሞ «ውድ ስለሆነ አይደል የሚሄደው? ነጋዴው እጅ ቢገባ ገዢ ያገኛል፤ ሰው ቤት ይኖራል። ዳርንን ማን ይገዛዋል? ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ይዝጋል» አሉ። የአባታቸውን ማንም ለማውጣት ሐሳብ አላቀረበም፤ አባት በሕይወት ነበሩ። ጊዜው ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት፣ እኛ አገር ጦርነቱ በተነሣ ሰሞን መሆኑ ነው፣ ወንድምየው እሺ አሉ።

ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። «በሦስቱም ሰው ተገድሎባቸው ያውቃል?» አለ። መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና «በሁለቱ አይመስለኝም። የመኮንኑን ግን ከመግዛታችን በፊት ምን እንደሠራ ማን ያውቃል?» አሉ።

የእንግሊዙ ጠመንጃ ሄደ። ደረሰኙን ወንድማቸው ከመሬቱ ወረቀት ጋር አስቀምጠውታል። ዳርኑ በየክረምቱ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ መሳቢያው ይሳባል፤ ሐዲዱ በዘይት ጨርቅ ይታሻል፤ ተመልሶ ይዘጋል። መምህራችን ድምፁን በስልክ ያስደምጧቸዋል አሉን። ፎቶግራፉን ሦስታችን ደጋግመን አይተነዋል። አራተኛው እስካሁን አላየውም፤ እኛም እይልን ብለን አላስቸገርነውም።