ከምድር ነውን ወይስ ከባሕር

የጦር አይሮፕላን በወደቀ ጊዜ የተመልካቹ ሁሉ ዓይን ወደ እሳቱና ወደ ጢሱ ይሮጣል፤ የአብራሪዎች ዓይን ግን ወደ ሰማይ ነው። ፓራሹት ተዘርግቶ እንደ ሆነ ይፈልጋሉ። ሰውዬው ወጥቷልን? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የአይሮፕላኑን ዋጋ የሚያነሣ፥ ወይም ጥፋቱ የማን ነው ብሎ የሚከራከር ቢገኝ፥ ከእነርሱ ወገን አለመሆኑ በዚያው ይታወቃል።

በ1996 ዓ.ም. መስከረም 3 ቀን (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2003 ሴፕቴምበር 14 ቀን) በአሜሪካ አገር በአይዳሆ ግዛት፥ ማውንቴን ሆም በተባለው የአየር ኃይል ጣቢያ የሆነው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ተንደርበርድስ፥ ማለት የነጐድጓድ ወፎች፥ የሚባለው የአሜሪካ አየር ኃይል የትርኢት ቡድን በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ጥበቡን ሊያሳይ ተነሣ። ስድስተኛውን አይሮፕላን፥ ኤፍ 16 የሚባለውን ተዋጊ ጀት፥ የያዘው ካፒቴን ክሪስ ስትሪክሊን ነበረ። ከመሬት እንደ ተነሣ ሽቅብ ወጥቶ፥ በጀርባው ተገልብጦ፥ አፍንጫውን ወደ ምድር መልሶ፥ ግማሽ ክብ ሠርቶ በሜዳው ላይ ሊቃና ይገባው ነበር። ለዚህ ሥራ ከምድር 2,500 ጫማ መውጣት ያስፈልጋል፤ እርሱ ግን 1,670 ጫማ ብቻ ወጥቶ ተገለበጠ።

ስሕተቱ ከእጅ አልነበረም፤ ከቍጥር ነበረ እንጂ። አብራሪው በፊቱ የሚያየው የከፍታ መለኪያ ከባሕር ወለል ጀምሮ ይቈጥራል፤ የትርኢቱ ሥርዓት ግን ከምድር ጀምሮ የተቈጠረ ነው። ስለዚህ አብራሪው በየሄደበት አገር የሜዳውን ከፍታ በልቡ መደመር አለበት። ቡድኑ የሚኖርበት በኔቫዳ ያለው የኔሊስ ጣቢያ ከማውንቴን ሆም ሜዳ ከ1,000 ጫማ በላይ ዝቅ ያለ ነው። በዚያ ቀን የሜዳው ከፍታ በተሳሳተ ቍጥር ታሰበ።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ኅብር ያለው ቃል ትዝ ሳይለው አይቀርም። አንዱ ቃል ሁለት ፍች ይዞ እንደሚቆም፥ ከፍታም አንድ ቍጥር ሲሆን ሁለት ንባብ አለው። በጉባኤ ቤት ፍቹን የሳተ ተማሪ ቢበዛ ያፍራል፤ መምህሩም ያቀናዋል። ተገልብጦ ወደ ምድር የሚወርድን ሰው ግን የሚያቀናው መምህር ከወዴት ይመጣል?

ካፒቴኑ ነገሩ እንዳልቀና ባወቀ ጊዜ መሪውን ባለው ኃይል ሁሉ ወደ ራሱ ሳበ፤ አይሮፕላኑም ቢወድቅ ከሕዝቡ እንዲርቅ ጥቂት ወደ ግራ አዘነበለው። ከዚያ በኋላ ከምድር 140 ጫማ፥ ማለት 43 ሜትር ያህል ሲቀረው፥ የመቀመጫውን መሳቢያ ሳበ። አይሮፕላኑ ምድርን እስኪመታ የቀረው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ፥ 0.8 ሰከንድ ነበረ። በዚያች ቅጽበት የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፤ መቀመጫው ከነሰዉ ከእሳት በላይ ሲወረወር ይታያል። ከሕዝቡ አንድ ሰው እንኳ አልተጐዳም፤ አብራሪውም ቀላል ጉዳት ብቻ አግኝቶት ተረፈ።

ይህ የሚወረወር መቀመጫ ራሱ ከኀዘን የተወለደ ነገር ነው። በ1935 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን በእንግሊዝ አገር ካፒቴን ቫለንታይን ቤከር አዲስ አይሮፕላን ሲሞክር ሞተሩ ቆሞበት ወድቆ ሞተ። ወዳጁና የሥራ ባልንጀራው ጄምስ ማርቲን ከዚያ ወዲህ አሳቡን ሁሉ አብራሪን ከሞት ወደማዳን መለሰ፤ በ1938 ዓ.ም. ሐምሌ 17 ቀንም በርናርድ ሊንች የተባለ ሠራተኛው ከሚበር አይሮፕላን በመቀመጫው ተወርውሮ በደኅና ወረደ። የማርቲንና የቤከር ፋብሪካ እስከ ዛሬ ያዳናቸው ነፍሳት ከ7,000 በላይ ናቸው። የሞተው ባልንጀራ ስም ከፋብሪካው ስም አልተለየም። በማውንቴን ሆም ያዳነው መቀመጫ በአሜሪካ የተሠራ፥ ኤሴስ 2 የሚባል ሌላ ዓይነት ነው።

ነገር ግን መቀመጫው ብቻውን አያድንም፤ መሳቢያውን የሚስበው ሰው ነው። አብራሪዎች ተሰብስበው እንዲህ ያለውን አደጋ ሲመረምሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያከብዱት ይህን ነው። አይሮፕላኑን አቀናዋለሁ እያለ፥ ወይም ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚለውን ኀፍረት እየሸሸ፥ ጥቂት ቆይቶ የሞተ ብዙ ነው። መውጣቱም ያለ ዋጋ አይደለም፤ የመወርወሩ ኃይል የብዙዎችን አከርካሪ ሰብሯል። ስለዚህ የዳነውን ሰው በደስታ ይቀበሉታል፤ በዚያው አፍ ደግሞ በቍጥሩ እንዴት ሳትህ ብለው ይጠይቁታል። ይህን የሰማ ውጭ ሰው ጭካኔ ይመስለው ይሆናል። ጭካኔ አይደለም፤ የሞተውን ማን ይጠይቀዋል?

ይህንም ያው ቡድን ያውቀዋል። በ1974 ዓ.ም. ጥር 10 ቀን፥ በእኛ አገር የከተራ ዕለት፥ በኔቫዳ በረሓ አራት አይሮፕላኖቹ ተጠጋግተው ሲለማመዱ የመሪው አይሮፕላን መቈጣጠሪያ ተያዘበት፤ ሦስቱም ዓይናቸውን ከመሪያቸው ሳያነሡ ተከትለውት ወረዱ፥ አራቱም ሞቱ። ምን እንደ ገጠማቸው የተመረመረው ከስብርባሪው ብረት ነው። በማውንቴን ሆም ግን ሰውዬው ራሱ ለመጠየቅ ቆሟል።

መርማሪዎቹ ጥፋቱን በአብራሪው አሳብ ላይ አገኙት፤ በዚያ ግን አላቆሙም። ከምድርና ከባሕር የሚቈጠረውን ቍጥር በበረራ መካከል ለዋውጥ ማለት፥ ለስሕተትም ስፍራ የማይተው ትርኢት ማሠራት፥ ለጥፋቱ መንገድ እንደ ከፈቱ ጻፉ። ሃያ ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ አይሮፕላን ከጠፋ በኋላ ከዚህ ያነሰ ማለት ባልተገባም ነበር። ካፒቴኑ ከትርኢት ቡድኑ ወጥቶ በሌላ ሥራ ተመደበ። ከእርሱ በኋላ የመጡት አብራሪዎች ከመገልበጣቸው በፊት ከቀድሞው 1,000 ጫማ ጨምረው እንዲወጡ ታዘዙ፤ መለኪያው የሚያሳየውንም ቍጥር፥ ከባሕር የተቈጠረውን እንዳለ፥ በራዲዮ ጮኸው ይናገራሉ፤ በምድር የቆመው ጠባቂም ይሰማል።